ወንዝ ዳር ያለው ነጭ ቤት

ቤቱ ነጭ ነው። ቀለሙ አልተላጠም፤ መስኮቱ አልተሰነጠቀም፤ የግቢው ሣር በሥርዓት ታጭዷል። ረጃጅም ምሰሶዎች የብረት ጌጥ ያለውን በረንዳ ተሸክመዋል። ፊት ለፊቱ ሰው ሠራሽ ወንዝ አለ፤ ባለ ሁለት ጭስ ማውጫ መርከብ እያፏጨች ታልፋለች። ከጎረቤት ሰፈር የጃዝ ጥሩምባ ይሰማል። የእሑድ ከሰዓት ይመስላል። ዓይን ወደ ግቢው ሲመለስ ግን አንድ ነጭ የአስከሬን ሠረገላ ቆሞ ያገኛል። ልጓሙና ማሰሪያው በአየር ላይ ተንጠልጥሏል። የሚጎትተው ፈረስ አይታይም።

ቦታው ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ከተማ፣ ዲዝኒላንድ ነው። ቤቱ «ሆንትድ ማንሽን» ይባላል፤ በእኛ አፍ የመናፍስት ቤት ማለት ነው። ስሙን ብዙ አንባቢ በፊልም ወይም አሜሪካ ያሉ ዘመዶች በሚልኩት ፎቶ ያውቀዋል። ይህን ቤት በግንቦት ፀሐይ አይቼዋለሁ፤ በጥቅምት ማታም አይቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ ወደ አንድ ቤት ገብቼ፣ ሁለት የተለያዩ ቤቶች አይቼ ወጣሁ።

በግንቦቱ ሰልፍ ከፊቴ የቆሙት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ እናት ነበሩ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቤቱን ሽቅብ አዩት።

«ልጄ፣ ሰይጣን እንዲህ ባለ ንጹሕ ቤት ምን ይሠራል? እኛ አገር የሚፈራው ወንዝ ዳር ነው። ያውም በቀትር» አሉኝ።

ልጃቸው ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ቀትር ነበር፤ ወንዙም አጠገባችን ነበር። ፍርሃት መጀመሪያ ቦታ ይፈልጋል። የእኚህ እናት ፍርሃት ውኃ ዳርና ዋርካ ሥር ያደገ ነው፤ የአሜሪካውያን ፍርሃት ደግሞ ባለቤቱ የሞተበት ትልቅ ቤት ውስጥ። የዚህ መጫወቻ ታሪክም በአብዛኛው ቤቱን የት እናቁመው፣ ምንስ እናልብሰው የሚል ክርክር ታሪክ ነው።

## ውጩ ለእኛ፣ ውስጡ ለእነሱ

ዲዝኒላንድ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የመናፍስት ቤት ሐሳብ ግን ከዚያ በፊትም በዋልት ዲዝኒና በሠራተኞቹ መካከል ሲነሳ ነበር። በ1957 ሥራው ለኬን አንደርሰን ተሰጠ። አንደርሰን የአሜሪካን ደቡባዊ ግዛቶች የባላባት ቤት ሣለ፤ ግን ያረጀ፣ ጣውላው የተገነጠለ፣ ዛፍና አረም የዋጠው ቤት ነበር። ሥዕሉ ያምራል። ማንም ሰው ሲያየው መንፈስ እንዳለበት ያምናል።

ዋልት ዲዝኒ ግን አልተቀበለውም። በብዙ ድካም ባጸዳው ፓርክ መሃል ፍርስራሽ እንዲቆም አልፈለገም። ውጩን እኛ እንጠብቅ፣ ውስጡን መናፍስቱ እንዳሻቸው ያድርጉት የሚል አቋም እንደነበረው ባልደረቦቹ ሲናገሩ ኖረዋል። ለንጽሕና ብቻ ተብሎ የተወሰነ ይመስላል። እኔ ግን ከዚህ መጫወቻ ጋር በተያያዘ ከተደረጉት ውሳኔዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የፈረሰ ቤት አስቀድሞ ሁሉንም ይናገራል። የጸዳ ቤት ዝም ይላል፤ ዝምታው ደግሞ ሰውን ወደ ውስጥ ይስባል።

> የፈረሰ ቤት አስቀድሞ ሁሉንም ይናገራል። የጸዳ ቤት ዝም ይላል።

የውጩ ግንባታ በ1963 ተጠናቀቀ። ቤቱ ባዶውን ቆመ። ለመናፍስት ጡረታ መውጫ የሚሆን ቤት መዘጋጀቱን የሚናገር ማስታወቂያ በሩ ላይ ተሰቀለ። ሠሪዎቹ በመሃል ለ1964ቱ የኒውዮርክ ዓለም አቀፍ ትርዒት ሥራ ተጠሩ። ታኅሣሥ 1966 ላይ ዋልት ዲዝኒ ሞተ። ቤቱ ለሕዝብ የተከፈተው ነሐሴ 9 ቀን 1969 ነው፤ ስድስት ዓመት ያህል የአካባቢው ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ውስጡ ምን እንዳለ ሲገምቱ ከረሙ። ዛሬ ሽበት ያበቀሉ አንዳንድ ጎብኚዎች ከመጫወቻው ይበልጥ የሚያስታውሱት ያንን የተዘጋ በር ነው።

## ወለሉ ሲወርድ

በሩ ሲከፈት ሰው ስምንት ማዕዘን ወዳለው ክፍል ይገባል። መብራቱ ደብዛዛ ነው። ግድግዳው ላይ አራት የሰው ሥዕሎች አሉ። ከዚያ ግድግዳው ወደ ላይ ይለጠጣል፤ ሥዕሎቹም አብረው ይረዝማሉ። በደረቱ ብቻ ይታይ የነበረው ጨዋ ሰው፣ እግሩ ሥር ሲገለጥ፣ ባሩድ በርሜል ላይ ቆሟል። የማይታይ አስተናጋጅ በጥልቅ ድምፅ ክፍሉ መስኮትም በርም እንደሌለው ያሳስባል።

ይህ ትንግርት የተወለደው ከመሬት ችግር ነው። ቤቱ የቆመው በፓርኩ ዳርቻ፣ ባቡሩ በሚዞርበት የአፈር ቁልል አጠገብ ነው። ትልቁ የመጫወቻ አዳራሽ ደግሞ ከቁልሉ ወዲያ፣ ከፓርኩ ውጭ ነው። ሰውን በሐዲዱ ሥር ለማሻገር መጀመሪያ ወደ ታች ማውረድ ያስፈልጋል። የሚለጠጠው ክፍል እንግዲህ ሊፍት ነው። የወረደው ወለሉ ሲሆን፣ ዓይን ግን ጣሪያው የራቀ ይመስለዋል። ፍሎሪዳ ላይ ሁለተኛው ቤት ሲሠራ መውረድ አላስፈለገም፤ ሰዎቹ ግን ክፍሉን ወደውት ስለነበር በዚያ ጣሪያው ራሱ ወደ ላይ እንዲወጣ አደረጉ።

ከክፍሉ ሲወጣ ጥቁር ጋሪዎች ተራ ይጠብቃሉ። በማይቆም ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። መሄድ ብቻ ሳይሆን ይዞራሉ፤ ሠሪው በፈለገው ሰዓት ተሳፋሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላ ያዞሩታል። ጋሪው ጎንና ጎን ክንፍ ስላለው የጎረቤት ጋሪ አይታይም። የፊልም ካሜራ ሥራ ነው። ፊትህን ወዴት እንደምታዞር የሚወስነው ቤቱ ነው።

የቤቱ ውስጥ ጉዞ ሁለት መልክ ያለው በሁለት ሰዎች ምክንያት ነው። ክሎድ ኮትስ የጀርባ ሠዓሊ ነበረ፤ ባዶ ኮሪደር፣ ረጅም ጥላ፣ ለብቻው የሚንሳፈፍ መቅረዝ ይወድዳል። ማርክ ዴቪስ የገጸ ባሕርይ ሠዓሊ ነበረ፤ ሳቅ ይወድዳል። አንዱ ያስፈራ አለ፣ ሌላው ያስቅ አለ። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ገቡ። የመጀመሪያው አጋማሽ የኮትስ ነው። በሮች ይንኳኳሉ፣ ወደ ውጭ ያብጣሉ፤ የሬሳ ሣጥን ክዳን የሚገፋ እጅ ይታያል። መንፈስ ግን ራሱን አያሳይም። ጭንቅላቷ ብቻ በመስታወት ኳስ ውስጥ ያለው ጠንቋይ ማዳም ሊዮታ ጠርታቸው ካበቃች በኋላ ነው ሁሉም የሚወጡት፤ የመቃብር ስፍራው ዘፈንና ጭፈራ የዴቪስ ነው።

ዋናው አዳራሽ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጋሪው በሰገነት ላይ ያልፋል። ታች በተዘረጋው ማዕድ ዙሪያ፣ ውስጣቸው የሚያሳይ መናፍስት ተቀምጠዋል፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚጨፍሩም አሉ። ይታያሉ፣ ይጠፋሉ። ፊልም አይደለም። በተሳፋሪውና በአዳራሹ መካከል ግዙፍ መስታወት ቆሟል። እውነተኞቹ አሻንጉሊቶች ከተሳፋሪው በታችና በላይ፣ በማይታዩበት ጨለማ ውስጥ ናቸው፤ መብራት ሲበራባቸው ነጸብራቃቸው አዳራሹ ውስጥ ያለ ይመስላል። ዘዴው በ1862 ለንደን ውስጥ በጆን ሄንሪ ፔፐር ትርዒት ዝነኛ የሆነ የቲያትር ጥበብ ነው። አስተውሎ ያየ ሰው ሌላም ነገር ያገኛል። ነጸብራቅ ግራና ቀኝን ስለሚገለብጥ፣ በጭፈራው ወንዶቹን የሚመሩት ሴቶቹ ሆነው ይታያሉ።

## አንድ ቤት፣ ብዙ አገር

ቤቱ ከካሊፎርኒያ ሲወጣ በየሄደበት ሌላ ሰው ሆነ።

ፍሎሪዳ ላይ በ1971 የተከፈተው የቆመው የቅኝ ግዛት ዘመን አሜሪካን በሚያሳየው ሰፈር ነው። ስለዚህ የካሊፎርኒያው ቤት የኒው ኦርሊንስ ዘይቤ ያለው በረንዳ ቀረና በሃድሰን ወንዝ ሸለቆ ያሉትን የሀብታም ቤቶች የሚመስል የጡብ ቤት ኮረብታ ላይ ተሠራ። ያ ሸለቆ ለአሜሪካውያን የደራሲው የዋሽንግተን ኧርቪንግ ተረት አገር ነው፤ ራስ አልባው ፈረሰኛ የሚጋልብበት። ሠረገላውም እዚህ ጥቁር ነው። በካሊፎርኒያ ቤቱ ፈገግ ይላል፤ በፍሎሪዳ ግን ከላይ ወደ ታች ያይሃል።

ቶኪዮ በ1983 የፍሎሪዳውን ቤት ወሰደች፤ ያስቀመጠችው ግን በተረት ሰፈር ነው። እዚያ መንፈስ ከበረዶዋ ልዕልትና ከሚበርረው ዝሆን ጋር ጎረቤት ነው።

ከሁሉም የሚለየው የፓሪሱ ነው። በ1992 ሲከፈት «ፋንተም ማነር» ተባለ፤ ሰፈሩም የአሜሪካ ምዕራብ፣ የወርቅ ቆፋሪዎች ከተማ ሆነ። እዚህ ዋልት ዲዝኒ የከለከለው ሁሉ ተፈቀደ። ቤቱ ኮረብታ ላይ ብቻውን ቆሟል፤ ጣውላው ጠቁሯል፣ መስኮቱ ተንጋድዷል፣ አትክልቱ ደርቋል። አጠገቡ መቃብር አለ። የተለየ የቤተሰብ ታሪክም ተሰጠው። የማዕድን ባለቤቱ ሄንሪ ሬቨንስዉድ ልጁ ሜላኒ አግብታ እንዳትሄድበት የማይፈልግ አባት ነው፤ እሷም በሠርግ ልብሷ በየክፍሉ የማይመጣ ሙሽራ ስትጠብቅ ትታያለች።

የፓሪሱን ቤት የሚወዱ ሰዎች ፍቅራቸው ጠንካራ ነው። «ካሊፎርኒያ ላይ ስቄ ወጣሁ፤ ፓሪስ ላይ ለሙሽራዋ አዘንኩላት» ያለችኝ አውሮፓ ያደገች ሐበሻ ወጣት አለች። እውነቷን ነው። ሰንሰለቱ አንድ ዓይነት ነው፤ የአዳራሹ መስታወትም አንድ ዓይነት። ወርቅ ፍለጋ ሰው የተገደለበት ሰፈር ላይ ሲቆም ግን ቤቱ ቀልዱን ትቶ ሐዘን ይይዛል።

> ሰንሰለቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ቤቱ ግን የቆመበትን አፈር ይመስላል።

ሆንግ ኮንግ ላይ ደግሞ መንፈሱ ጭራሹን ወጣ። በ2013 የተከፈተው «ሚስቲክ ማነር» የአንድ ተጓዥ ሀብታም ቤተ መዘክር ነው። አልበርት የተባለ ጦጣው አስማተኛ የሙዚቃ ሣጥን ይከፍታል፤ በየአገሩ የተሰበሰቡት ዕቃዎች ነፍስ ይዘራባቸዋል። የሞተ ሰው የለበትም። ለአያቶች መንፈስ ምግብና ዕጣን በሚቀርብበት ባህል፣ ሙታንን ማስጨፈር እንደ ቀልድ አይታይም ተብሎ ይነገራል። አክብሮቱ ደስ ይላል።

## የዱባው ንጉሥ ሲመጣ

አሁን ወደ ጥቅምቱ ማታ ልመለስ። ያ ነጭ ቤት በሻማና በዱባ ተሸፍኗል። በበረንዳው ብረት ላይ፣ በምሰሶዎቹ ራስ ላይ፣ በአጥሩ ላይ ዓይንና ጥርስ የተቀረጸላቸው ዱባዎች ይስቃሉ። ጠጋ ብዬ አንዱን ሻማ አየሁት። መብራቱ ኤሌክትሪክ ነው፤ ጎኑ ላይ ግን ፈስሶ የረጋ የሰም ጠብታ ተቀርጾለታል። ከሺዎች መካከል አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ቢያይ ተብሎ የተደከመበት ጠብታ ነው።

ቤቱ በየዓመቱ እንዲህ መልበስ የጀመረው በ2001 ነው። የልብሱ ምንጭ የ1993ቱ የአኒሜሽን ፊልም «ዘ ናይትሜር ቢፎር ክሪስማስ» ነው፤ ቲም በርተን ታሪኩን ያመነጨው፣ ሄንሪ ሴሊክ ያዘጋጀው፣ ዳኒ ኤልፍማን ሙዚቃውን የሠራው። የሃሎዊን ከተማ ንጉሥ የሆነው አጽሙ ጃክ ስኬሊንግተን ገናን አይቶ ይወደዋል፤ ቀይ ለብሶ ገናን ራሱ ላከብር ብሎ ይነሳል፤ በቅን ልቡ ሁሉንም ያስፈራል። የፓርኩ ሰዎች ጃክ ስጦታውን ይዞ ወደዚህ ቤት ቢመጣስ ብለው አሰቡ።

ምርጫው ብልህ ነው። የአሜሪካ ሃሎዊን ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው፤ ገናቸው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ። አንዱን ጌጥ አውርዶ ሌላውን ለመስቀል ጊዜ የለም። የሁለቱን በዓላት ግጭት የሚተርክ ፊልም ግን ሁለቱንም ወቅት ይሸከማል። ቤቱ በአሜሪካውያኑ በጋ መጨረሻ ይዘጋል፤ ሠራተኞች ገብተው ያለብሱታል፤ በፈረንጆቹ ጥር መጀመሪያ ገደማ ጌጡ ይወልቃል፤ እንደገና ይዘጋና ወደ ራሱ ይመለሳል።

ውስጡ ሲገቡ ሐዲዱ ያው፣ ጋሪው ያው ነው። መቅረዙ ይንሳፈፍበት በነበረው ኮሪደር የጃክ መንፈስ ውሻ፣ አፍንጫው እያበራ፣ ይንሳፈፋል። የሬሳ ሣጥኑ ባለበት ክፍል ሰው የሚበላ የገና ጉንጉን ተጠምጥሟል። ማዳም ሊዮታ አሥራ ሦስት የገና ቀናትን ትቆጥራለች። በትልቁ አዳራሽ ጨፋሪዎቹ አሁንም ይጨፍራሉ፤ ማዕዱ ላይ ግን በእውነተኛ የዝንጅብል ሊጥ የተጋገረ ቤት ቆሟል። በየዓመቱ ንድፉ ይለወጣል፤ ዘንድሮ ምን ይሠሩ ይሆን እያሉ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። መቃብሩ በረዶ ለብሷል። ጃክ በቀይ ካባ ቆሟል።

ያምራል። ከፊቴ የነበረች ትንሽ ልጅ ከጋሪ ወርዳ እንደገና ካልገባን ብላ እናቷን ስትጎትት አይቻለሁ። ብዙ ወጣቶችም ቤቱን መጀመሪያ ያወቁት በዚህ ልብሱ ስለሆነ፣ ባዶውን ቤት ሲያዩ የጎደለ ነገር ያለ ይመስላቸዋል።

ነገር ግን አንድ ነገር እንደሚጠፋ መናገር አለብኝ። የኮትስ ዝምታ ይጠፋል። በዋናው ጉዞ የመጀመሪያው አጋማሽ መደበቂያ ነው፤ መንፈሱ ስለማይታይ ሰው ራሱ በጨለማው ውስጥ ይፈጥረዋል። በበዓሉ ልብስ ግን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ሁሉም በርቷል፣ ሁሉም ተንጠልጥሏል፣ ሁሉም ታይቷል። ጠንቋይዋ መናፍስቱን ስትጠራ የምትጠራው ቀድሞ የመጣን እንግዳ ነው። ፍርሃቱ ወደ ድግስ ይለወጣል። እንዲያም ሆኖ፣ ልብሱ የቤቱን አጥንት አለመንካቱን አደንቃለሁ። ምሰሶው አልተቆረጠም፤ ጌጡ ሲወልቅ ቤቱ እንደነበረ ይገኛል። ፍሎሪዳ ላይ ደግሞ ይህ ልብስ የለም፤ የጡቡ ቤት ዓመቱን ሙሉ ከዚያው ጥቁር ሠረገላው ጋር ነው።

## በእኛ ሰዎች ዓይን

ሎስ አንጀለስ ከአናሃይም ሩቅ አይደለም። በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው ሰፈር በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ በከተማዋ ተሰይሟል፤ በዚያ አካባቢ ላሉ ቤተሰቦች ዲዝኒላንድ እንግዳ ሲመጣ የሚወሰድበት ቦታ ነው። ወደዚህ ቤት መግባት ላይ ግን ቤተሰብ ይከፈላል። አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አባት፣ ልጆቻቸው ሌላውን ሁሉ እንዲጫወቱ ይፈቅዳሉ፤ ከዚህ ቤት በር ላይ ግን ይመለሳሉ። «ክፉ መንፈስ ጨዋታ አይደለም። ልጅ ከሳቀበት አይጠነቀቅም» ይላሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም፤ ሆንግ ኮንግ ላይ ቤቱን ያለ መንፈስ ያሠራው ሐሳብም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

እዚያ የተወለዱት ልጆች ሌላ ይላሉ። ለእነሱ ሃሎዊን የጎረቤት በር ማንኳኳት ነው፤ አንዷ ወጣት «እማዬ ስለ ቡሄ ስትነግረን፣ ሙልሙል ለመቀበል ቤት ለቤት መዞር ማለት ሲገባኝ፣ ይኼማ እናንተም አላችሁ አልኳት» አለችኝ። እናትየው በንጽጽሩ አልተደሰቱም፤ ቡሄ የደብረ ታቦር በዓል ነው፣ ከዱባ ጋር አይገናኝም። ሁለቱም ልክ ናቸው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። የእኛ ገና በፈረንጆቹ ጥር 7 ነው። ነጩ ቤት የገና ጌጡን የሚያወልቅበት ሰሞን፣ በፌርፋክስ ቤቶች ውስጥ ዶሮው ገና ሊሠራ ነው።

## ወንዙ

በግንቦቱ ጉብኝት እኚያ እናት በመጨረሻ ገብተው ነበር። ሲወጡ ልጃቸው «እማዬ፣ ፈራሽ?» አለቻቸው። «ጨለማው ደህና ነው» አሉና ወደ ወንዙ አዩ። መርከቧ እያፏጨች ትመለስ ነበር።

አሁን ስለ ወንዝ ሳስብ የማስበው የፍሎሪዳውን ነው። የጡቡ ቤት ኮረብታ ላይ የተሠራው ወደ ውኃው እንዲያይ ነበር፤ የሃድሰን ሸለቆ ቤት ያለ ወንዝ አይሆንም። መርከቡ ማታ ከሥሩ ሲያልፍ፣ የቤቱ መብራት ውኃው ላይ ሲንቀጠቀጥ የሚያዩ ሰዎች ሰልፉ ላይ እንዳሉ ነበር መጫወቻው የሚጀምርላቸው። ሐምሌ 2025 ላይ ግን ያ ወንዝ በመሃሉ ካለው ደሴትና ከመርከቡ ጋር ተዘጋ። በቦታው «መኪኖች» የተባለው ፊልም ሰፈር ይሠራል። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚመላለሱ ሰዎች በመጨረሻዎቹ ቀናት መርከቡን ሊሳፈሩ መጡ፤ ከወንዙ መሃል ሆነው ቤቱን ፎቶ ያነሱት ብዙዎች ናቸው፤ ከዚያ አቅጣጫ ዳግም ስለማይታይ። አዲሱ ሰፈር ያምር ይሆናል። የቤቱ ግድግዳ አልተነካም፣ ጋሪዎቹም አሁንም በሰንሰለታቸው ላይ ይዞራሉ። ፊቱን ያዞረው ግን አሁንም ወንዙ ወደነበረበት ነው።